ገደብ ሠላሳ አንድ

ወንድሜ አዝመራው የደወለው ከጠዋቱ አስራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። «አባባን ትንሽ አመም አድርጎታል፤ ብትመጪ ጥሩ ነው» አለኝ። ስለ ሕመሙ ስጠይቀው ስለ መንገዱ መለሰልኝ። ስለ መንገዱ ስጠይቀው «ቁርስሽን በልተሽ ውጪ» አለኝ። አዝመራው ቁርስ በላሁ አልበላሁ ብሎ ተጨንቆ አያውቅም። እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። በእኛ አገር በማለዳ ስልክ «ትንሽ አመም አድርጎታል» ከተባለ በኋላ መጠየቅ ራስን መጉዳት ነው።

ስሜ ትርንጎ ነው። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ፤ በሕግ ፊት ግን ጀማሪ አሽከርካሪ ነኝ። ጀማሪ ከሆንኩ አስራ አንድ ዓመት አልፎኛል። እናቴ መንጃ ፈቃድ ባወጣችበት ዘመን የአመክሮው ጊዜ ሁለት ዓመት ነበር አሉ። ኋላ ሦስት ሆነ፣ ከዚያ አምስት፣ አሁን ሰባት ነው። አደጋው እየቀነሰ ሲሄድ ገደቡ እየበዛ መጣ። ለምን ብለው ሲጠይቁ፣ አደጋውን የቀነሰው ገደቡ ነው ይባላሉ። በሰባቱ ዓመት ውስጥ አንድ ጥፋት የተገኘበት ሰው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። እኔ አራት ዓመት ከስድስት ወር ያጣሁት በአንድ ማማተብ ነው። የገብርኤል ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ በር ሳልፍ ቀኝ እጄ ሳላዝዘው ከመሪው ተነሣ። ገደብ 3፣ ሁለት እጅ። ከዚያ ወዲህ የምሳለመው በዓይኔ ብቻ ነው፤ እሱንም ቶሎ ብዬ፣ ዓይንም ይለካልና።

ያን ዕለት ሰባቱን ዓመት ልጨርስ ሃያ ሦስት ቀን ቀርቶኝ ነበር።

የከተማ ሰው ይህን ሁሉ ጣጣ አያውቀውም። ራሷን የምትነዳ መኪና ውስጥ ገብቶ ይተኛል። እነዚያ መኪኖች ግን ከደብረ ብርሃን ወዲያ አይሄዱም። የእኔ ፓምፖች ያሉት ከዚያ ወዲያ ነው፤ የአባቴም ቤት ከእነዋሪ አለፍ ብሎ እዚያው ነው። ስለዚህ በእጄ እነዳለሁ፤ በእጄ ስለምነዳም ስልሳ አራት ገደብ ተሸክሜ እኖራለሁ።

የአመክሮ አሽከርካሪ ብቻውን አይነዳም። ሙሉ ፈቃድ ያለው አጃቢ ከጎኑ መቀመጥ አለበት። ሰባቱን ዓመት ጨረሰ የሚባል ሰው ስላላየን፣ ሙሉ ፈቃድ ያላቸው በድሮው ሕግ ያወጡ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። የእኔ አጃቢ ጎረቤቴ ጋሽ ይርዳው ናቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ በጉልምስናቸው በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነድተዋል። አሁን ሥራቸው መቀመጥና አለመተኛት ነው። መቀመጡ ይሆንላቸዋል። ከሁለት ደቂቃ በላይ ካንቀላፉ ግን መኪናዋ ትቆማለች፤ እንዳይተኙ እኔ ማውራት አለብኝ፤ እኔ ደግሞ በደቂቃ ከአርባ ቃል በላይ እንዳልናገር ገደብ 19 አለብኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ወሬያችን በቁና ተሰፍሮ ነው ያለፈው።

ዘወትር የሚመጡት ያችን አሮጌ ሹራባቸውን ለብሰው፣ ኪሳቸው ውስጥ ቆሎ ይዘው ነው። ያን ጠዋት በሬ ላይ ሲጠብቁኝ ጥቁር ኮት ለብሰዋል፤ ባርኔጣም ደፍተዋል። ጋቢያቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ቆሎ የለም።

«ኮቱ ምነው ጋሽ ይርዳው?» አልኳቸው።

«ደጋ አይደል እንዴ የምንሄደው።»

የምንኖርበትም ደጋ ነው። 

ስልኮቻችንን ሳጥኑ ውስጥ ከተትን፤ ሳጥኑ ተቆለፈ። የልብ ምት አምባሬን አጠለቅኩ፤ እሳቸውም የራሳቸውን አጠለቁ። ዳሽቦርዱ በዚያ በማይቸኩል የሴት ድምፅ መጠየቅ ጀመረ።

«ጠጥተዋል?»

«አልጠጣሁም።»

«ተጣልተዋል?»

«አልተጣላሁም።» ከባሌ ጋር የተለያየነው በዚህች በገደብ 6 ነው ብል ግማሹ እውነት ነው፤ ጠዋት መጣላት ስለማይፈቀድ ሁሉንም ለማታ እናጠራቅመው ነበር።

«የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ?»

ጋሽ ይርዳው በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። ውጭ ያለው የእኔው አጥር ነው።

«የለም» አልኩ። መኪናዋ ተነሣች።

ሰንዳፋንና አለልቱን በሰላም አለፍን። የገረመኝ፣ ጋሽ ይርዳው አንዴም አላንቀላፉም። እኔ ማውራት አላስፈለገኝም፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ አላለኝም። ዓይናቸው መንገዱ ላይ አልነበረም። በየአምስት ደቂቃው ፌስታሉን ከጉልበታቸው ላይ ያነሡና መልሰው ያስቀምጡታል።

ሸኖ መግቢያ ላይ ዳሽቦርዱ ቢጫ በራ።

«ገደብ 31 ተግባራዊ ሆኗል። ፍጥነትዎ በሰዓት ከአርባ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። መልእክት አለዎት። መልእክቱን ሲከፍቱ ተሽከርካሪው ይቆማል። በሦስት ሰዓት ውስጥ ካልከፈቱት በድምፅ ይነበብልዎታል።»

ከሥሩ ሰዓት ቆጣሪ መጣ። ሦስት ሰዓት ይላል። ወዲያው ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ዘጠኝ ሆነ።

ጋሽ ይርዳው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሠላሳ አንድ የንፋስ ነው» አሉ። «ላይ ደጋው ላይ ንፋስ ተነሥቷል ማለት ነው። መልእክቱን አትክፈቺው። ዝም ብለሽ ንጂ።»

የንፋስ ገደብ አስራ ሦስት ነው። ይህን የማያውቅ የአመክሮ አሽከርካሪ የለም፤ ፈተናው ስልሳ አራቱንም በቃል ያስወጣል። ያስጠኑኝ ደግሞ ራሳቸው ጋሽ ይርዳው ናቸው። ከመንገዱ ዳር የባሕር ዛፉ ቅጠል ንቅንቅ አይልም ነበር።

«እሺ፣ ንፋስ ነው» አልኩ።

ሠላሳ አንድ የሐዘን ገደብ ነው። የቅርብ ሥጋ ሲሞት ይመጣል። እናቴ ከሞተች አስራ አምስት ዓመቷ ነው። አዝመራው ጠዋት አናግሮኛል። ሌላ ወንድም የለኝም፣ እህት የለኝም፣ ልጅ አልወለድኩም። ቀሪውን ቆጥሬ መጨረስ አልፈለግኩም።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ኋላ ነው የሰማሁት። አዝመራው እኔ እስክደርስ እንዳይነገረኝ የመንደሩን ሰው ሁሉ እየዞረ ለምኗል። ለጋሽ ይርዳውም ደውሎ ለምኗል። አክስቴን፣ ቄሱን፣ ፓምፕ የጠገንኩላቸውን ሰዎች ሳይቀር አፋቸውን አስይዟል። ጥሩምባ ነፊው መንደሩን ከዞረ በኋላ ግን የእድሩ ጸሐፊ እንደ ደንቡ ድንኳንና ወንበር እንዲወጣ ብሎ የሟቹን ስም መዝገቡ ላይ አስገባ። መዝገቡ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ያሰበ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ሳለ መዝገቡ ሸኖ ድረስ መጥቶ ያዘኝ።

ጋሽ ይርዳው ለምን እንደዋሹኝ ግን ሳይነግሩኝ ገባኝ። ባለፈው ዓመት፣ ጎማ ፈንድቶብን ቆመን ሳለ፣ አንድ ነገር አጫውተውኝ ነበር። አፋር በረሃ ውስጥ ጭነት ይዘው ሲሄዱ አንድ የሥራ ባልደረባቸው በስልክ «እግዜር ያጥናህ» ብሎ ጻፈላቸው። ሰውየው የእናታቸው መርዶ የተነገራቸው መስሎት ነው። አልተነገራቸውም ነበር። መኪናውን ዳር ይዘው ወረዱና በዚያ ሐሩር ብቻቸውን አለቀሱ። «ሰው እኮ መርዶ ሲሰማ ክንዱን የሚይዘው ይፈልጋል» አሉኝ። «እኔን የያዘኝ ጎማ ነው።»

ከሸኖ እስከ አባቴ ቤት መቶ አስራ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። በአርባ ስትነጂው ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሰባት ደቂቃ ይፈጃል። ሦስት ደቂቃ ይተርፈኛል ማለት ነው። እኛ ጋ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሚሆን እንደምደርስበት አውቃለሁ፤ ያለ እኔም አይቀብሩትም። የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባቴን ሞት ከዚህች ከማትቸኩል ሴት አፍ መስማት። እስካልተነገረኝ ድረስ አባቴ ትንሽ አመም ብቻ ነው ያደረገው። ወርጄ ልቁም ብልም ከሸኖ ወዲያ በእግር የሚሆን አይደለም፤ የአገር ቤቱ አውቶቡስ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ያ ቀን ደግሞ ከሁለቱ አንዱ አልነበረም።

አባቴ መኪናዬ ውስጥ አንድም ቀን ተቀምጦ አያውቅም። ገደብ 22፣ ዘመድ ማሳፈር ክልክል ነው፤ ዘመድ ልብ ያሸብራል ይላል ማብራሪያው። በሄድኩ ቁጥር አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ጎማዋን በከዘራው መታ መታ ያደርግና «መቼ ነው ደብረ ብርሃን ወስደሽ ሻይ የምትጋብዢኝ?» ይለኛል። ባለፈው ስሄድ «ሁለት ወር ቀረኝ አባባ» አልኩት። «እንግዲያስ ሁለት ወር አልሞትም» ብሎ ሳቀ።

«የልብ ምትዎ መቶ አራት» አለ ዳሽቦርዱ።

የእኔ ምት መቶ አስር ከደረሰ መኪናዋ ዳር ይዛ ለአምስት ደቂቃ ታስተነፍሰኛለች። እኔ ያለኝ ሦስት ደቂቃ ነው። መሪውን ጨመቅኩት። 

«የአጃቢዎ የልብ ምት መቶ አስራ ሁለት። አጃቢው የሚያስጨንቃቸው ነገር አለ?»

«ሽንቴ መጥቶ ነው!» አሉ ጋሽ ይርዳው ተቆጥተው።

ሳልወድ ሳቅኩ። ሳቁ ወዴት ሊዞር እንደሆነ ሲያውቁ ቶሎ ብለው «ትርንጎ፣ እስቲ ገደቦቹን በይልኝ» አሉኝ።

«አሁን?»

«አሁን። እንደ ፈተናው ጊዜ። እኔ ቁጥሩን፣ አንቺ ቃሉን። ቀስ ብለሽ። ገደብ አንድ?»

«ቢጫ ምልክት ከኋላ።»

«ሁለት?»

«አጃቢ ከጎን።»

«ሦስት?»

«ሁለት እጅ።»

እንዲህ እያልን ጫጫን አለፍን። መኪኖች ሁሉ ይቀድሙናል፤ ተሳፋሪዎቻቸው ተኝተዋል። አንድ አህያ ልትቀድመን ምንም አልቀራትም። ልቤ ግን ቀስ በቀስ ወረደ፤ ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና አንድ። ለካ ሕግ በቃል መድገም እንደ ዳዊት ልብ ያሳርፋል።

«አስራ ሁለት?»

«ጭጋግ ሲኖር መብራት።»

ጋሽ ይርዳው ቀጥሎ ያለው ምን እንደሆነ ያስታወሱት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። ከዓይናቸው ጥግ አዩኝ።

«አስራ ሦስት?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

አንድ ጊዜ እንኳ ረስቼው አላውቅም። «እሷን ረሳኋት» አልኩ።

«ምንም አይደል» አሉና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እንለፋት። አስራ አራት?»

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሃያዎቹ ውስጥ ነበርን። ሃያ ሁለት ላይ «ዘመድ ማሳፈር» ብዬ ድምፄ ተሰበረ፤ እሳቸው እንዳልሰማ ሆነው ወደ ሃያ ሦስት አለፉ። አባቴ ሻይ እጠጣባቸዋለሁ ያላቸው ቤቶች በግራና በቀኝ አለፉ። ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ደነባ ታጠፍን። ሜዳው በስንዴ ቢጫ ሆኗል። መስኮቱን ከፍቼ ልጩኽ ፈለግኩ፤ ገደብ 28።

«ሃያ ዘጠኝ?»

«ከጸሐይ ግባት በኋላ አለመንዳት።»

«ሠላሳ?»

«እንስሳ አለመጫን።»

መኪናዋ ሦስት አራት መቶ ሜትር ያህል ሄደች። ጋሽ ይርዳው ፌስታሉን ከጉልበታቸው አነሡና መልሰው አስቀመጡት።

«ሠላሳ ሁለት?» አሉ።

ዞር ብዬ አላየኋቸውም። እሳቸውም አላዩኝም። እንደማውቅ አወቁ፤ እንዳወቁም አወቅኩ። «ሠላሳ ሁለት፣ የተሰነጠቀ መስታወት» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ደነባን እንዳለፍን የገበያ በግ መንገዱን ሞላው። መቶ ይሆናል፣ መቶ ሃምሳ ይሆናል። የሚነዷቸው ሁለት ሴቶች ወሬ ይዘዋል። ገደብ 11፣ ለእንስሳ ክላክስ አይነፋም። ጋሽ ይርዳው መስኮቱን አውርደው «እናንተ ሴቶች! እባካችሁ!» አሉ። ሴቶቹ ቢጫ ምልክታችንን አይተው ሳቁ። «አመክሮ ናት፣ ምን ያስቸኩላታል!» አለች አንደኛዋ። በጎቹ በፈለጋቸው ጊዜ ዳር ያዙ። ስድስት ደቂቃ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ስሌቱን ማንም አላወራም። ያለኝ ሦስት ደቂቃ ነበር፤ ስድስት ወሰዱብኝ። ቆጣሪው ዜሮ ሲሆን ከአባቴ ቤት ሁለት ኪሎ ሜትር እርቃለሁ። እነዋሪን አለፍን። ገደቦቹን ጨርሰን እንደገና ከአንድ ጀምረን ነበር፤ አሁንም ሠላሳ አንድን ዘለልን። ቆጣሪው አራት ደቂቃ ሲል፣ አባቴ በከዘራው እየጠቆመ «ከዚያ ወዲህ የእኛ ነው» የሚለውን ኮረብታ አየሁት።  

«መልእክትዎ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይነበባል» አለችን፤ አልቸኮለችም።

«አቁሚያት» አሉ ጋሽ ይርዳው።

«ጋሽ ይርዳው፣ ሃምሳ ስምንት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ሃያ ሦስት ቀን እንደቀረሽም አውቃለሁ። አንቺ ነሽ የምትወስኚው፤ እኔ ግን እወርዳለሁ።»

ዳር ያዝኩ። አምባሩን አውልቄ ወንበሩ ላይ ጣልኩት።

«ተሽከርካሪ ጥሎ መሄድ የገደብ 58 ጥሰት ነው። የአመክሮ ጊዜዎ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ይስማማሉ?»

ሰባት ዓመት። ሃምሳ አንድ ዓመት ሲሆነኝ እንደገና እጨርሳለሁ፤ ደብረ ብርሃን ወስጄ ሻይ የምጋብዘው ግን አይኖርም። ያኔ ነው ለራሴ እንኳ በግልጽ ያሰብኩት።

«እስማማለሁ» አልኩና ወረድኩ።

ጋሽ ይርዳው ሁለቱንም መስኮት እስከ አፉ ዘጉ፤ በሮቹንም ገፍተው ዘጉ። በፍጥነት መራመድ ጀመርን። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄድን ከኋላችን ድምፁ ተጀመረ። ቃሉ አይለይም። ዝግ መኪና ውስጥ አንዲት ሴት ለሁለት ባዶ ወንበር ታነባለች። ጆሮዬን ልይዝ ስል ጋሽ ይርዳው ጮክ ብለው ማውራት ጀመሩ። ስለ ስንዴው አወሩ፣ ስለ ሚስታቸው ግትርነት፣ ጅቡቲ ላይ ስለበሉት ዓሣ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ያለ ቁና። አርባ ቃል ቀርቶ አራት መቶም ሳይሆን አይቀርም። ሰባት ዓመት ያጠራቀሙትን ሁሉ እዚያ አቧራ ላይ አፈሰሱት። ድምፁ እስኪርቅ አላቋረጡም። ከዚያ ሳላቸው መጣና ቆመው ሳሉ፤ ደግፌያቸው ሄድን።

መንደሩ ጫፍ ላይ አዝመራው ከስምንት ዘጠኝ ሰው ጋር ቆሞ ይጠብቀናል። መኪናዋ ቆማ ሲያዩ ወጥተው መሆን አለበት። እኔ እንዳልደነግጥ ብለው ነጠላቸውን እንደ ደህና ቀን አጣፍተዋል፤ የአክስቴ ግን በጥድፊያ ተገልብጦ ጥለቱ ከውስጥ ገብቷል። ሁለት ሴቶች ቀስ ብለው መጥተው በግራና በቀኜ ቆሙ። ገና ክንዴን አልያዙኝም።

አዝመራው ሳመኝ። ጉንጩ እርጥብ ነው። «አባባን ትንሽ…» አለ። ከዚያ ወዲያ አልቻለም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ማን ይናገረው እንደሚባባሉ ያስታውቃል። የሚናገረው ጠፋ።

ጋሽ ይርዳው ፌስታሉን ፈትተው ጋቢያቸውን አወጡና ለበሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ትርንጎ ልጄ» አሉኝ። «አንድ ዘለን ነበር።»

«አዎ» አልኩ።

«ሠላሳ አንድ?»

ሴቶቹ ክንዴን ያዙ። አጥብቀው ነው የያዙኝ።

«ገደብ ሠላሳ አንድ» አልኩ። «አባት…»

ቀጥሎ እናት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት የሚል አለ፤ ከዚያ አርባ ቀን መሪ አይነካም የሚል አለ። ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ከመጀመሪያው ቃል ግን ማለፍ አቃተኝ፤ እሱኑ እየደጋገምኩ ጮኼ አለቀስኩ።